ለካርታው የተላኩ ሽማግሎች

አምላክ ሰፈር ሲፈጥር አስቀድሞ አንድ እምቢታ የማይገባው ሰው ያቆምና ቤቶቹን በዙሪያው ያሠራል። ከጎንደር ገጠር እስከ እስራኤል የባሕር ዳር ከተማ እስከ ናታንያ ድረስ ይህ ሰው የሌለበት ሰፈር አልተገኘም፤ አለ የሚል ካለ ስሙን ይንገረንና ሄደን እንይ። እኔና እናንተ «አይሆንም» ስንባል አንገታችንን ደፍተን እንመለሳለን። እሱ «አይሆንም» ሲባል ኮቱን ያወልቃል።

በናታንያ፣ በነቬ ኢታማር ሰፈር፣ የዚህ ሰው ተወካይ ጋሼ ዘበነ ናቸው። ሰፈርተኛው በፊታቸው ጋሼ ዘበነ ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ ግን «ክቡር ሊቀ እምቢታ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ማዕረጉን ያወጣችላቸው የእህታቸው የባንች ልጅ ሀዳስ ናት። እሳቸውም ሰምተው አልተቆጡም፤ «ሊቅነቱ ይቅርብኝ፤ እምቢ በሚለኝ ሰው ላይ ግን እሾማለሁ» ብለው ተቀበሉት።

አንድ ጊዜ ክሊኒክ ሄደው ጸሐፊዋ ለዚህ ወር ቶር የለም፣ ተራው ሁሉ ተይዟል አለቻቸው። «ይሁን፣ እስከዚያ እዚሁ ነኝ» አሉና ከጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ። የሚገባውን ሁሉ ሻሎም ይላሉ፣ አሮጊት ይደግፋሉ፣ የሕፃን ጋሪ ይገፋሉ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደመጣ ያስታውሳሉ። ቀትር ላይ ሕመምተኛው የክሊኒኩ ኃላፊ እሳቸው መስለውት እሳቸውን ይጠይቅ ጀመር። ጸሐፊዋ ቶሩን ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም፣ አመጣችው። ሐኪሙ ምንዎን ነው የሚያምዎት ቢላቸው «እግሬን፤ ብዙ ቆሜ» አሉት።

የሕንፃው ኮሚቴም አይረሳቸውም። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር እስትንፋሱን የሚሰበስብበት አንድ አግዳሚ ወንበር መግቢያው ላይ ይተከል ብለው ጠየቁ። ኮሚቴው ሎ አለ፤ ሎ በዕብራይስጥ አይሆንም ነው። በማግስቱ የወጥ ቤታቸው ወንበር መግቢያው ላይ ተገኘ። ከዚያ ሌላ ወንበር ተጨመረ። ከዚያ የፀጉር ማስተካከያ ቤት የጣለው የሚሽከረከር ወንበር መጣ፣ በመጨረሻ አበባ ያለበት ቢጫ ሶፋ። ኮሚቴው ሶፋውን ከማየት አግዳሚውን መረጠ። ጋሼ ዘበነ ግን ድል አደረግሁ አላሉም። ድል የሚባለው ጠብ ሲኖር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከማንም ጋር አልተጣሉም። «ሎ ማለት ገና ሰላምታ ነው» ይላሉ። «ሰው ሰላም ስላለህ ጥለኸው ትሄዳለህ?»

ሀዳስ ከዚህ ሰው ዘር መወለዷን የሚጠራጠሩ ነበሩ። እሷ እምቢታ ገና ሳይነገራት ይገባታል። ተማሪ ሳለች የትምህርት ቤቷ አማካሪ ከፍተኛውን ሒሳብ «አይከብድሽም?» ብትላት «ይከብደኛል» ብላ ወጣች። አጎቷ ይህን ሲሰሙ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ርእሰ መምህሩን በየደወሉ ሻሎም ሲሉት ሰነበቱ፤ ሰውየውም ሻሎሙ ሲሰለቸው ልጅቱን ክፍሉ ውስጥ አስገባት። ሒሳቡ አልከበዳትም። የከበዳት እጅ አውጥቶ መናገር ነበር፤ ይህ ደግሞ ኮምፒዩተር ልትማር ኮሌጅ ስትገባም አብሯት ገባ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ ስልክ ገና መንገድ መምራት አልለመደም። ሀዳስ ኮሌጅ ውስጥ ከአንድ የካርታ ፕሮግራም ጋር ተዋወቀች። ፕሮግራሙ የሚሸጥ አይደለም፤ የዓለም ሰው በየቤቱ ሆኖ በነፃ የሚሠራው ነው። የውስጡ አሠራር ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ ያነበዋል፣ ስህተት ያየ አርሞ ይልካል፣ ጠባቂዎቹ አይተው ከተስማሙ ይገባል። በአጭሩ ደቦ ነው፤ ልዩነቱ ጠላ የለውም። ሀዳስ ለረጅም ጊዜ ከዳር ሆና ሌሎቹ ሲሠሩ ስታይ ቆየች። እንድትገባ ያደረጋት ለቅሶ ነው።

ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ባለ ቤት አንድ ዘመድ አርፎ እማማ ዓለምወርቅ የሚባሉ አሮጊት ከሩቅ ከተማ፣ ከቂርያት ጋት፣ ለለቅሶ ብቻቸውን መጡ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ደወሉ፤ ሀዳስም ኮምፒዩተሯ ላይ መንገዱን አውጥታ በስልክ አነበበችላቸው። ሦስት መቶ ሜትር ቀጥ ብለው ይሂዱ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር፣ ወደ ቀኝ፣ ደረሱ። እማማ ዓለምወርቅ እሽ ብለው ሄዱ። ለቀስተኛ ደግሞ ቤቱ ሲቃረብ ነው ለቅሶውን የሚጀምረው፤ በሩ ላይ ደርሶ ዝም ብሎ የሚገባ ባዕድ ብቻ ነው። እሳቸው በቆጠሩት ሜትር ቤቱ ተቃርቧል። ስለዚህ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ የሟችን ስም እየጠሩ፣ ከባሕሩ ገደል አፋፍ ካለው የዓሣ ምግብ ቤት ገቡ።

ቱሪስቶቹ ሹካቸውን አስቀመጡ። አስተናጋጁ ውሃ ይዞ መጣ። አንዲት ፈረንሳዊት ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራቸው አለቀሰች። ሀዳስ እየሮጠች ደርሳ ስታገኛቸው እማማ ዓለምወርቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው በፈረንሳዊቷ መሐረብ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ልጄ» አሏት፣ «ሜትሩን በምን ልስፈረው? ዓይኔ የሚያየውን ብትነግሪኝ እኮ እደርስ ነበር።»

ሀዳስ እጃቸውን ይዛ ለቅሶ ቤት ወሰደቻቸው። መንገዱን ሁሉ ፋርማሲውን አለፉ፣ ምኩራቡን አለፉ፣ ባሕር ዛፎቹን አለፉ፤ ፕሮግራሙ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላነሳም። ሁሉም ካርታው ላይ ተሥለዋል፤ መንገድ ሲመራ ብቻ አያያቸውም። ሀዳስ ያን ቀን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳይገፋት አንድ ነገር ፈለገች። ፕሮግራሙ መንገደኛን በሚያየው ነገር እንዲመራ ፈለገች።

ክረምቱን ሙሉ ሠራችው። ሲያልቅ ላከችው። የመንገድ መምሪያውን ክፍል የሚጠብቀው ኦላቭ የሚባል ኖርዌያዊ ነበር፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ስለ ሥራሽ እናመሰግናለን። ይህ በአንድ ጊዜ በጣም ብዙ ቦታ ይነካል። በዚህ መልኩ አንቀበለውም። ትንሽ ነገር ይዞ መጀመር ይሻላል።»

ሀዳስ «አንቀበለውም» የሚለው ላይ ስትደርስ ኮምፒዩተሯን ዘጋች። ለእናቷ ለባንች ነገረች፤ ባንችም ለወንድሟ። ክቡር ሊቀ እምቢታ ቡናቸውን ሳይጨርሱ መጡ።

«ማነው እምቢ ያለሽ?»

«ኦላቭ የሚባል ሰው ነው ጋሼ። ኖርዌይ ነው ያለው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«ከየት አውቄ? በኢንተርኔት ነው፣ አይቼውም አላውቅ።»

«ሽማግሌ ላክሽበት?»

ሀዳስ ሳቀች፤ ከዚያ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። «ጋሼ፣ ዜ ሎ ካኻ። እንዲህ አይደለም አሠራሩ። እምቢ ካሉ ናግማር፣ አለቀ።»

«ሎ ማለት ገና ሰላምታ ነው» አሉና ቆባቸውን አንሥተው ወጡ። ሀዳስ ነገሩ በዚያ ያበቃ መሰላት። አጎቷን ዕድሜዋን ሙሉ እያወቀች እንዴት እንዲህ እንደመሰላት እስከ ዛሬ ይገርማታል።

በሰፈሩ የአዛውንቶች ሞአዶን ውስጥ፣ ሽማግሎች ቀን ቀን የሚውሉበት ቤት ማለት ነው፣ በዳንቴል የተሸፈነ አንድ ኮምፒዩተር ነበር። ዳንቴሉ ተነሥቶ አያውቅም። ጋሼ ዘበነ አባ ጋሹን፣ አቶ ቃኘውንና አቶ ብዙዓየሁን ይዘው ሄዱና ዳንቴሉን አነሡት። ሦስቱ የሰፈሩ የታወቁ አስታራቂዎች ናቸው፤ ስንት የፈረሰ ትዳር አቁመዋል፣ ስንት ወንድማማች አጨባብጠዋል። የሞአዶኑ ሠራተኛ ሊአት ለእያንዳንዳቸው የኢሜይል አድራሻ ከፈተችላቸው፣ ያሉትንም አንዲት ቃል ሳትነካ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ወንበር ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም። የተላከ ሽማግሌ፣ ልጅ ለመጠየቅ ይሁን ጠብ ለማብረድ፣ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ቁጭ በሉ ቢባል አይቀመጥም። አባ ጋሹ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እንዲህ አጻፉ፦

«ለተከበሩ አቶ ኦላቭ። እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብቶችዎ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጃችን ሀዳስ አጥፍታ እንደሆነ ስለ እኛ ሲሉ ይተዉላት። እናቷን እናውቃታለን፣ አያቷንም እናውቃቸው ነበር፤ ሥራዋ መልካም ነው። ይህን የምንጽፍልዎ ቆመን ነው። ጉዳያችንን ሳይፈጽሙልን አንቀመጥም።»

አቶ ቃኘውና አቶ ብዙዓየሁም በየስማቸው ያንኑ ላኩ፤ በሽምግልና አንዱ የተናገረውን ሌላው ካልደገመው ቃሉ አይጸናም። ደብዳቤዎቹ የሄዱት ለኦላቭ ብቻ ሳይሆን የፕሮግራሙ ሰዎች በሙሉ ወደሚነጋገሩበት የጋራ ገጽ ነው። ጋሼ ዘበነ ይህን ሲሰሙ «ይልቅ ጥሩ፤ ሽማግሌ በአደባባይ ነው» አሉ።

ያ አደባባይ ግን የራሱ ሕግ አለው። ሦስት የማይታወቁ ሰዎች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ኮምፒዩተር፣ የአንዲትን ልጅ ሥራ ለማመስገን ሲመጡ እዚያ ስሙ ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ሦስት ጭምብል አጥልቆ ለራሱ ይመሰክራል ማለት ነው፣ ከዚህ የሚብስ ነውርም የላቸውም። ማንም አልጠየቃትም። ሀዳስ ጠዋት ኮምፒዩተሯን ስትከፍት ስሟ ታግዷል፤ ከታች አንዱ «አታላይ» ብሎ ጽፎባታል።

ሞአዶኑ ድረስ በእግሯ ሄደች። ሽማግሎቹ ከነምርኩዛቸው ቆመዋል፣ አጎቷም ከጎናቸው። ሌላው አዛውንት ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፤ እነዚህ ሳህናቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚበሉት። ሊአት ከማዶ ሆና «ሁለተኛ ቀናቸው ነው፣ እባክሽ አንድ ነገር በያቸው» በሚል ዓይን አየቻት።

«ጋሼ፣ አዋረዱኝ» አለች ሀዳስ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። «እኔ በራሴ አንድ ነገር ፈልጌ አላውቅም። ይሄን ፈለግሁ። አሁን እዚያ አታላይ ተብያለሁ፤ ስሜን አግደውታል።»

ሊቀ እምቢታ ሲያፍሩ ያየ ሰው በነቬ ኢታማር አልነበረም፤ እነሆ በሞአዶኑ ምሳ ሰዓት ታዩ። ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

አባ ጋሹ ሳህናቸውን ለሊአት ሰጥተው ሀዳስን «ሰውየው መጀመሪያ ያለሽን አንብቢልን» አሏት። «ዘበነ እምቢ አላት ብሎ ነው ያቆመን፤ ቃሉን ግን ማናችንም አልሰማነውም።»

ሀዳስ በቃሏ ይዛዋለችና እንዳለ አለቻቸው።

«መጨረሻውን ድገሚው።»

«ትንሽ ነገር ይዞ መጀመር ይሻላል።»

«ይሄ እምቢታ ነው ልጄ?» አሉ አባ ጋሹ። «ሙሽራ በገባች ማግስት የአማቷን ምሰሶ አትነቅልም። ሰውየው ምሰሶዬን ተዪልኝ፣ ከመጥረጊያው ጀምሪ ነው ያለሽ። ግቢ ብሎሻል እኮ።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዘበነ ዞሩ። «አንተም ሁለቱን ወገን ሳታሰማን ሽማግሌ አታንቀሳቅስ።»

ሀዳስ ስንቴ «አይከብድሽም?» ተብላ ወጥታ ይሆን? እነዚያ ሁሉ እምቢታ ነበሩ፣ እውነተኛ እምቢታ፣ የቆዳዋን ቀለም አይተው የተናገሩት። ከመልመዷ የተነሣ ግቢ ሲሏትም ውጪ መስሏት ወጣች። ይህ አናደዳት፤ በኦላቭ ሳይሆን፣ በራሷም ሳይሆን፣ እንዲህ አድርገው ባስለመዷት ሁሉ ተናደደች። ንዴቱ ደግሞ ደስ የሚል ነበር።

ጋሼ ዘበነ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደመቻቸው።

«አውቃለሁ ጋሼ። ገና ሰላምታ ነው።»

የሊአትን ካሜራ ተዋሰችና ሽማግሎቹን እንደቆሙ ፎቶ አነሣቻቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ባዶ ወንበሮች ተደርድረው። ከዚያ በዚያው የዳንቴል ኮምፒዩተር ላይ ለኦላቭ ጻፈች። እንደ ሌላው ጊዜ ጽፋ አልሰረዘችም።

«እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ጭምብል አይደሉም። በእኛ ዘንድ የተከፋ ሰው ራሱ አይከራከርም፤ ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌውም መልስ እስኪያገኝ ይቆማል። ከትናንት ጀምሮ ቆመዋል። ማንንም አላታለልኩም፣ ላላጠፋሁትም ይቅርታ አልጠይቅም። ስሜን መልሱልኝ። ሥራዬን ግን ከፋፍዬ ከትንሹ እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያዋ ይህችው። ብትመልሷት አስተካክዬ እልካለሁ፣ ብትመልሷት እንደገና እልካለሁ። አልሄድም።»

የመጀመሪያዋ አንዲት የፕሮግራም መስመር ነበረች። ፕሮግራሙ ወደ ባሕሩ ሲመራ መንገዱ ላይ ደረጃ እያለ ለእግረኛው አይነግረውም፤ ሀዳስ እንዲነግረው አደረገች። ከክረምት ሙሉ ሥራዋ አባ ጋሹ መጥረጊያ ያሉት ይህችን ነው።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ሞአዶኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ማንኪያ አልነበረም፤ ሀዳስ እየተረጎመች አነበበችው።

«ሳንጠይቅ ማገዳችን የእኛ ስህተት ነው። ስምሽ ተመልሷል፤ ይህንንም በሁሉም ፊት ጽፌያለሁ። መስመሯ ትክክል ናት፣ አስገብቻታለሁ። ቀጣዩን ላኪ። ከብት የለኝም፤ አንዲት ድመት አለችኝ፣ ደህና ናት። ለሽማግሎቹ፦ እባካችሁ ተቀመጡ።»

አባ ጋሹ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አቶ ቃኘው፣ ከዚያ አቶ ብዙዓየሁ። ሞአዶኑ አጨበጨበ፣ ሊአትም ሻይ አመጣች፤ እፎይ ያለችው ከሁሉ በላይ እሷ ነበረች። ጋሼ ዘበነ ብቻ ቆመው ቀሩ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ አለቀ እኮ።»

«አንዷ ናት የገባችው አላልሽም? ቀሪውስ?»

«ቀሪው ገና ነው። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

«እንግዲያው እኔ አልቀመጥም» አሉ።

በእርግጥ ይቀመጡ ነበር። አውቶቡስ ላይ ይቀመጣሉ፣ ምኩራብ ይቀመጣሉ፣ ያስተከሉት አግዳሚ ላይ ማንም የማይቀድማቸው እሳቸው ናቸው። በመርህ ደረጃ ግን ቆመዋል። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ይደውሉና «እህ፣ ቆሜያለሁ» ይላሉ። ሀዳስ ይህች ገባች፣ ያቺ ተመለሰች ትላቸዋለች። የተመለሰችውን አስተካክላ ትልካለች፤ ደግሞ ስትመለስ ደግማ ትልካለች። ኦላቭን ሁለት ጊዜ ተከራክራ አንዱን ረታችው። ኮሌጅ ውስጥም እጇን ታወጣ ጀመር፤ አስተማሪዎቿ የደረሰባቸውን አላወቁም።

የመጨረሻዋ ቁራጭ የገባችው አንድ ጠዋት ነው። ሀዳስ ፕሮግራሙን ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ለቅሶ ቤቱ ምራኝ አለችው፤ እማማ ዓለምወርቅ የጠፉበት ያ መንገድ ነው። ፋርማሲውን እለፍ፣ ባሕር ዛፎቹን በቀኝህ ተው፣ ከምኩራቡ ፊት ወደ ግራ ታጠፍ አላት። ለኦላቭ ልትጽፍ እጇን ዘረጋችና ተወችው። ስልክ አነሣች። ኮሪደር ላይ በየደወሉ ሻሎም ይሉ የነበሩት ሰውዬ ትዝ አሏት፤ በዓለም ላይ ከእሳቸው አስበልጣ የምትወደው ሰው እንደሌለ፣ ከእናቷ በቀር፣ ያን ጊዜ ተሰማት።

«ጋሼ።»

«አቤት፣ ቆሜያለሁ።»

«ይቀመጡ።»

ወንበር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማች፣ ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ። አጎቷ ያለቀሱ መሰላት።

«እሽ፣ ተቀመጥኩ» አሉ ጋሼ ዘበነ። «አሁን ደግሞ ማነው እምቢ ያለሽ?»